ገመድ ላይ የደረቁ ወረቀቶች

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 9 ቀን
ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከማእድ ቤት

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጡዬ፤

ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ተብሎ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስቀበል ስለኖርኩ የመጀመሪያ መስመር ላይ እምነት የለኝም። ስለዚህ ዘልዬዋለሁ። ደክሞኛል ልጄ። አልታመምኩም፤ ድካምና ሕመም እንዳይምታቱብሽ። ጉልበቴ ደክሟል፣ ወገቤ ደክሟል፣ መወልወያ የሚጨምቀው ቀኝ እጄማ የኔ መሆኑን እየረሳ ነው።

እሁድ እሁድ ስትደውዪ «ቤቱስ?» ትዪኛለሽ፤ እኔም «ቤቱማ ቆሟል» እልሻለሁ። አልዋሸሁሽም፣ ቆሟል። ውሃ ውስጥ ነው እንጂ የቆመው። ይሄን የምጽፍልሽ እግሬን ብሎኬት ላይ ሰቅዬ ነው፤ ወለሉ ገና አልደረቀም። ከትናንት በስቲያ ስትደውዪ ደግሞ ድምፄ ተዘግቶ ነበር፤ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም።

ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። አንዱ የቤቱ ነው፣ አንዱ የኔና የአንቺ። የቤቱን ላስቀድም፤ ያለሱ ሁለተኛው አይገባሽም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለሁለተኛው ድፍረት እስካገኝ ጊዜ መግዛቴም ነው።

እኛ ያለንበት ሰባት ቤት ነው፤ ከዳገቱ ሥር በአንድ መስመር የተደረደረ። የኔ የመጨረሻው ነው። ኩባንያው ሲሠራው ዳገቱን በማሽን ቆርጦ አፈሩን ወደ ታች ገፋ፣ ላዩን ደለደለ፣ ሣር አለበሰው። ለዓይን ያምራል። ችግሩ መሬቱ ከቤት ወደ ውጭ ማዘንበል ሲገባው ወደ ቤት ማዘንበሉ ነው። ውሃ ደግሞ እንደ ሰው ይሉኝታ የለውም፤ ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘ ሳያንኳኳ ይገባል።

በመጀመሪያው ክረምት የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ሥር መዳፍ የምታህል እርጥበት አየሁ። ቀለም ቀባሁባት። በሁለተኛው ክረምት እርጥበቱ ጉልበቴ ድረስ ወጣ፤ ቁም ሣጥን አስጠጋሁበት። በሦስተኛው ቁም ሣጥኑ ሻገተ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔ እንኳ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፣ ስቀባ ነው የወሰደኝ። የኋለኛው ክፍል የምልሽ ሦስት ደረጃ ወርደሽ የምትገቢበት፣ መስኮቱ ሰፊ የሆነው ነው። ስለ መስኮቱ ጽፌልሽ ነበር።

አምና ነሐሴ ላይ ጎረቤቴ ጡረተኛው ሾፌር ደጃፌ ላይ መጡና ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እትዬ፣ የእርስዎም ቤት ይዋኛል?» አሉኝ።

ለካ ሰባታችንም አፍረን ነው ዝም ያልነው። ሁሉም ቤቱን እንደ ገበና ሸፍኖ ጓዳ ለጓዳ ይወለውላል። ሾፌሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ስለነዱ ነው መሰለኝ ሰው ሲሰበሰብላቸው ደስ ይላቸዋል፤ በአንድ ሳምንት ሰባታችንንም ጫኑን። ከላይኛው ቤት ያለችው ነርስ አንድ ረጅም፣ ውስጡ የሚያሳይ የላስቲክ ቱቦ አመጣች። ውሃ ሞላንበት፤ አንዱን ጫፍ እኔ በሬ ደፍ ላይ፣ ሌላውን ሾፌሩ አጥሩ ጋ ያዝን። ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፤ ከዚያ እስከ መሬቱ በማስመሪያ መለካት ነው። አጥሩ ጋ ያለው መሬት ከኔ ደፍ አንድ ክንድ ሙሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ የታማሚ ትኩሳት እንደምትመዘግብ ፊቷን ሳትለውጥ ጻፈችው። ሾፌሩ «እንግዲህ ዳገቱ ነው ልጠይቃችሁ ብሎ የመጣው» አሉ። ሳቅን። ከሳቅኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

የነርሷ የእህት ልጅ ጠበቃ ናት። ገና ወጣት ናት፣ ቦርሳዋ ከሷ ይበልጣል። ሾፌሩ ሳሎን ሰብስባን ያለንን መንገድ ሁሉ ነገረችን። መጀመሪያ ለኩባንያው ጉድለቱን በዚህን ያህል ቀን አስተካክል የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። እምቢ ካለ የግንባታ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት አቤት እንላለን፤ መሬቱ በተፈቀደው ፕላን መደልደሉን ባለሙያ ልኮ እንዲያይ። በገላጋይ መስማማትም አለ። ይሄ ሁሉ ካልያዘ ክስ ነው፤ ቤቱን ስንረከብ በዓይን የማይታይ ስውር ጉድለት ነበረበት ብሎ።

«ግን ሁሉም ሰዓት አለው» አለች።

ይርጋ ማለቷ ነው። ጉድለቱን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ የተወሰነ ጊዜ ይሰጥሻል፤ ሳትጠይቂ ካለፈ በሩ ይዘጋል። እኛ ግድግዳው መርጠቡን እንጂ ከምን እንደመጣ ያወቅነው አምና በቱቦው ስለሆነ ጊዜ አለን አለች። እኔ ይርጋን ከሷ በፊት አውቀዋለሁ። ስንቱ ሰው በመስኮቴ «እማማ፣ አንድ ቀን እኮ ነው ያለፈኝ» እያለ ሲለምነኝ ወረቀቱን መልሼ ሰጥቼዋለሁ። አንድ ቀንም ቢሆን አለፈ ማለት አለፈ ነው እል ነበር። እንዴት ያለ አንደበት ነበረኝ።

ማስጠንቀቂያውን ራሴ ተየብኩት፣ ጣቴ ገና አልረሳም። ኩባንያው «ሣሩን አብዝታችሁ አታጠጡ» ብሎ መለሰልን። በክረምት! ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ባለሙያው የለም፣ አንድ ቀን መኪናው የለም፣ መኪናው የመጣ ቀን ደግሞ ፋይሉ የለም፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ገላጋይ ፊት አንዴ መጡ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ፣ በሁለተኛው ቀጠሮ ቀሩ። ሚያዝያ ላይ ከሰስን። ሰኔ ላይ መልሳቸው መጣ። «መሬቱ እንዴት እንደተደለደለና ውሃው በየት እንደሚወርድ የሚያሳየው ንድፍ በርክክቡ ዕለት ለሰባቱም ገዢዎች ከነአባሪው ተሰጥቷል፤ አውቀውና ወደው ፈርመው ተረክበዋል» ይላል።

ሰባታችንም እንዲህ ያለ ንድፍ በዓይናችን አላየንም ብለን ቃለ መሐላ ፈረምን። እኔም ፈረምኩ። ልቤ ንጹሕ ነበር።

ጠበቃዋ የርክክብ ቅጻችሁን አምጡ አለችን። ስድስቱ አመጡ፣ የኔ ጠፋ። የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበረች ሴት የራሷን ወረቀት አጣች። «የቤት» ያልኩትን ማኅደር ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፣ የለም። ሾፌሩ ሊያጽናኑኝ «አይዞዎት፣ እኔም አውቶቡስ ካቆምኩ ወዲህ በእግሬ ነው የምሄደው» አሉኝ። ጠበቃዋም የሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ግድ የለም አለች።

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ሲያወርደው ዋለ። ቀትር ላይ የኋለኛው ክፍል ቁርጭምጭሚት ድረስ ገባ። አልጋው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ሣጥን ታውቂያታለሽ፤ ውሃ ጠጥታ ከብዳ በሁለት እጄ ጎትቼ አወጣኋት። የኖርኩበት ወረቀት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ከመታጠቢያ ቤቱ በር እስከ ማእድ ቤቱ ሦስት ዙር ገመድ ዘረጋሁና አንድ በአንድ ሰቀልኩት። የልብስ መቆንጠጫ አለቀብኝ፤ የልጅነት የፀጉር ማስያዣሽን ሁሉ አወጣሁ። ኮሪደሩ የወረቀት ቤት መሰለ።

ከሣጥኑ ሥር ላዩ ላይ ወርና ዓመት ብቻ የተጻፈበት አንድ ማኅደር ነበር። የርክክቡ ሳምንት ነው። ዕቃ ሳግዝ የዚያን ሳምንት ወረቀት ሁሉ በደረሰኝ ቀን ቅደም ተከተል አንድ ላይ ከትቼ፣ በኋላ እለየዋለሁ ብዬ፣ በዚያው ቀረ። የጠፋው ቅጼ እዚያ ውስጥ ነበር። ሰቀልኩትና ከሥሩ ቆሜ አነበብኩት። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «አባሪ፦ አንድ ገጽ» የሚል ታይፕ አለ። «አንድ» የሚለው በቀይ ስክሪፕቶ ተሰርዟል። «ሁለት» ተብሎ ተጽፏል፤ አጠገቡ የኔ አጭር ፊርማ፣ ከነቀኑ።

ልጄ፣ መዝገብ ቤት ያለ ሰው ወረቀት አያነብም፣ ይቆጥራል። አቤቱታ ሦስት ገጽ፣ አባሪ አምስት ገጽ፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ደርሷል፣ ቀጥል። ማንበብ የዳኛው ሥራ ነው። የርክክቡም ዕለት እጄ በልማዱ ገለበጠ፣ ሁለት ቆጠረ፣ ታይፑ አንድ ይላል፣ አረመ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ስሕተት ያገኘሁባቸው መስሎኝ። ኋላዬ የቆሙት ስድስቱ ሰዎች ቅጽ ላይ አንድ ገጽ ተብሏል፣ የተሰጣቸውም አንድ ገጽ ነው። የኩባንያው ጸሐፊ ተሳስታ ከኔ ቅጽ ጋር በስቴፕለር የመታችው ሁለተኛ ወረቀት ለገዢ የሚሰጥ አልነበረም።

እሱንም ሰቅዬው አየሁት። ሰባት ትንንሽ አራት ማዕዘን አለ፣ እኛ መሆናችን ነው። ከበላያችን ዳገቱን አቋርጦ አንድ ወፍራም መስመር ከነቀስቱ ወደ መንገዱ ይወርዳል። «የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ» ይላል። ጃንጥላ ይዤ ወጥቼ ቦታውን አየሁት። ሣር ነው። ቦይ የሚባል ነገር ኖሮም አያውቅም።

እዚያው ዝናብ ላይ ቆሜ ነገሩ እየገባኝ መጣ። ኩባንያው ቦዩ እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር፤ ነድፎ ተወው። ያቺ ወረቀት ከነቅጼ ዳኛ ፊት ብትቀርብ፣ ስድስቱ ጎረቤቶቼ ቅጽ ላይ ያለው «አንድ ገጽ» ንድፉ እንዳልተሰጣቸው ይመሰክርላቸዋል። እኔ ግን ተሰጥቶኛል። በራሴ እጅ፣ በራሴ ቀለም፣ ቀን ጽፌ ሁለት ናቸው ብያለሁ። ቦይ መኖር እንዳለበት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳወቅኩ ይቆጠራል። የኔ ይርጋ ገና ቀለም ስቀባ አልፏል። ስድስቱን የምታድን ወረቀት እኔን ከክሱ ታወጣኛለች።

አንቺን ምን እደብቅሻለሁ። ምድጃው እዚሁ ነው፣ ክብሪቱም እዚሁ። ከኔ በቀር ያያት የለም፤ ኩባንያው ጋ ያለውን ቀሪ ማንም ዞር ብሎ እንዳላየው ከመልሳቸው ያስታውቃል። ሳልናገር ብቀር ሰባታችንም አላየንም እንላለን፣ እነሱም ሰጥተናል ይላሉ፣ ቃል በቃል ይገጥማል፤ ምናልባት እናሸንፋለን፣ ምናልባት አብረን እንሸነፋለን። ብቻዬን ከመሸነፍ ያ ይሻላል አልኩ። እርጥብ ወረቀት ግን አይነድም። እስኪደርቅ ልጠብቅ አልኩ።

ዓርብ ሾፌሩ የሻገተውን ቁም ሣጥን ሊያወጡልኝ መጡ። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ከገመዱ ሥር ጎንበስ ብለው ያልፋሉ፣ ጎንበስ ብለው ይመለሳሉ። ወረቀቷ ጆሮአቸውን ነካቻቸው። የሰው ወረቀት አላይም ብለው ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው ነበር የሚያልፉት። የእሳቸው ሚስት አስም አለባት፤ ሻጋታው አያስተነፍሳትም። ቁም ሣጥኑን አውጥተው ሲጨርሱ ተንበርክከው ወለሌን ወለወሉልኝ፣ ይተዉት ብላቸው አልሰሙኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቷ ደረቀች። ከገመዱ አውርጄ ከነቅጹ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና ለጠበቃዋ ወሰድኩላት።

አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«እማማ፣ ያኔ ይሄን ንድፍ አይተውት ነበር?»

«ቆጥሬዋለሁ።»

«አይተውታል ወይ ነው የምልዎት።»

«ቆጥሬዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

ወረቀቶቹን ወደ ፖስታው መለሰች። «ይሄን ካቀረብኩት ስድስቱ ይረታሉ። እርስዎ ግን ከክሱ መውጣት አለብዎት። ቃለ መሐላዎንም እናርማለን፤ ባለማወቅ ነው ብለን። ገብቶዎታል?»

«ካንቺ በፊት ነው የገባኝ» አልኳት። «የደረሰኝን ወረቀት አልደረሰኝም ብዬ አላውቅም። በእርጅናዬ አልጀምርም።»

አፌ ደፋር ነው፣ ደረጃውን የወረድኩት ግን መደገፊያውን ይዤ ነው። ሾፌሩ ሲሰሙ ዞር ብለው ዳገቱን አዩት። ከዚያ «መቼም ቦዩ ሲቆፈር የእርስዎን ቤት ዘሎ አያልፍም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከተፈረደ ቦዩ ከኔም በላይ ያልፋል። የረጠበው ግድግዳና የተነሳው ወለል ግን የራሴ ዕዳ ነው። ዳኛው ቦታውን በዓይናቸው ሊያዩ ቀጠሮ ሰጥተዋል፤ ለጥር። ጎርፍ ሊያዩ በፀሐይ ይመጣሉ። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ስለሆነ አልተገረምኩም።

የቤቱ ነገር ይኸው ነው። አሁን ሌላው።

ቅዳሜ ከጠበቃዋ ስመለስ የቀረውን ወረቀት ከገመድ ላወርድ ጀመርኩ። ከቅጼ ጋር በዚያው ማኅደር ውስጥ ያንቺ ደብዳቤ ነበር። በርክክቡ ሳምንት የደረሰኝ፣ ከስድስት ዓመት በፊት። አራት ገጽ ነው። መጀመሪያው ላይ በቀይ የቀለም ብዕር «ደርሷል» ብዬ ቀን ጽፌበት ነበር፤ በየገጹም ጥግ ቁጥር ሰጥቼው ነበር። አንቺ በስክሪፕቶ የጻፍሽው ሁሉ ፊደሉ አለ። የኔ ቀይ ቀለም ግን ታጥቦ ሄዷል፣ ቁጥሩ አንድም አልቀረም። እንግዲህ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ማንበብ ግድ ሆነብኝ።

ያኔ አላነበብኩትም፣ ልጄ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ፣ ሰላምታሽን። የመጨረሻውን አነበብኩ፣ ስለ ልጅሽ ጥርስ የጻፍሽውን። መሐሉን ረጋ ብዬ አነበዋለሁ አልኩ። ዕቃ ጫኞቹ በር ላይ ቆመው ነበር። «ደርሷል» ካልኩበት በኋላ ደግሞ እኔ ዘንድ ወረቀት ያለቀለት ነገር ነው። ማኅደር ገባ፣ ማኅደሩ ሣጥን ገባ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ አንቺ ታስታውሺው ይሆናል፣ እኔ ግን ከቅዳሜ ወዲህ በቃሌ ነው የያዝኩት፦

«እማ፣ ከሱ ጋር መኖር አልቻልኩም። ልጅቷን ይዤ አንቺ ጋ ብመጣ ትቀበይኛለሽ? እምቢ ማለት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ ስለዚህ እምቢ አትበዪኝ። ስለዚህ ነገር ምንም ሳትጽፊልኝ ከቀረሽ ይገባኛል። ዳግመኛ አላነሳብሽም።»

ከሥሩ የኔ መልስ ቀሪ አለ። እኔ የምጽፈውን ሁሉ ቀሪ እንደማስቀምጥ ታውቂያለሽ። ስለ ጣራው ጽፌያለሁ። ስለ ሣሩ ጽፌያለሁ። ስለ ሰፊው መስኮት አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ። ከዚያ «ቤቱ ፀጥ ያለ ነው፤ ብቻዬን ስለሆንኩ የሚረብሸኝ የለም፣ እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝቼ አላውቅም» ይላል። በኔ እጅ ጽሕፈት። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ወለሉ እርጥብ መሆኑንም ረሳሁት።

አላነሳሽም። አንቺ ስትናገሪ ቃልሽን ትጠብቂያለሽ። ከሁለት ዓመት በኋላ በስልክ «ተለያይተናል» ስትዪኝ ተቆጣሁሽ፤ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? እናት አይደለሁም ወይ?» አልኩሽ። ዝም አልሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። እዚያው ነበርሽ። «አለሁ እማ» ብለሽ ወሬ ለወጥሽ። እነዚያን ሁለት ዓመታት እዚያ ቤት እንዴት እንደከረምሽ አላውቅም። ልጠይቅሽም የሚገባኝ አይመስለኝም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አፍሼ ልሰጥሽ አልችልም። አጥፍቻለሁ፤ አንጀቴ ነው የሚነግርሽ።

ትናንት ከክሱ የምወጣበትን ማመልከቻ ልፈርም ሄጄ ነበር። ከፈረምኩ በኋላ ጠበቃዋን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «ለሰው የሚገባውን መልስ ስድስት ዓመት ያዘገየ ሰው፣ ይርጋ ያግደዋል?» አልኳት። ስለ ሌላ ክስ መስሏት ወረቀት አወጣች። ከዚያ ፊቴን አየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ያውቁታል» አለችኝ። «ይርጋን ዳኛ በራሱ አያነሳውም። ባለጉዳዩ ራሱ ካላነሳው እንዳልነበረ ነው።»

አውቀው ነበር። ስንት መዝገብ ላይ አሳልፌዋለሁ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አንብቤው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ሚጡዬ፣ ይርጋው ያንቺ ነው። አልፏል ካልሽ አልፏል፤ አልከራከርሽም፣ አልለምንሽም፣ እሁድ ስትደውዪ ስለ አየሩ እናወራለን። ልጅሽ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ዘጠኝ ሆናለች፤ ትምህርት ቤቷም ጓደኞቿም እዚያ ናቸው። አንቺም ያለኔ መኖርን ለምደሻል። አስለመድኩሽ ነው የሚባለው።

ካላነሳሽው ግን መልሴ ይኸው። ነይ። ያኔም ነይ ነበር የምልሽ። ለመጠየቅም ነይ፣ ለመኖርም ነይ፣ ተቆጥተሽም ነይ። መስኮቱ ሰፊ የሆነው ክፍል ውሃ ነው፣ እሱን አልሰጥሽም። የኔ ክፍል ከፍ ያለው ነው፣ ደረቅ ነው፤ ዛሬ ጠዋት አንሶላውን ቀይሬዋለሁ። እኔ ማእድ ቤቱ ጋ ይበቃኛል፤ ብሎኬቱን ለምጄዋለሁ።

ያለሽበት ደረቅ ይሁን። ጣራሽ አያፍስስ፣ ደጅሽ ወደ ውጭ ያዘንብል። ልጅሽ ስትጠራሽ በአንድ ጊዜ የምትሰሚ አድርጎ ያኑርሽ፤ እኔን የነሳኝን ላንቺ ይስጥሽ። ፀጉሯን ሳሚልኝ።

ይሄ ደብዳቤ ስንት ገጽ እንደሆነ አልቆጠርኩትም፣ ቀሪም አላስቀረሁም። ከላይ እስከ ታች ግን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

እናትሽ